«ኪ» እና «ኬ»

«ቀጥዪ፤ ይነገራል» አለች እናቷ፣ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ።

ሊቋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ይህን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ላቲን መማር የጀመረች ሰሞን ሲያሾፍባት «ሊቋ» አላት፣ ቤቱም ሁሉ ተቀበለው። ነገ ፈተና አለባት። የሚመጣው የወደፊት ጊዜ ተደራጊ ግስ ነው። እናቷ የላቲንን ፊደል አትለይም፤ ሊቋ ግን ቃሎቹን በአማርኛ ፊደል ስለጻፈችላት፣ የሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ታስጠናታለች።

«ዲኬቢቱር» አለች ሊቋ።

«እዚህ ላይ ቢ የሚባል የለም።»

እውነቷን ነው። አስተማሪው አፉ እስኪዝል ነግሯቸዋል። «ይወደዳል» አማቢቱር ነው፣ ቢ ይገባበታል። «ይነገራል» ላይ ግን ቢ ዝር አይልም፤ የምትለወጠው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ዲኪቱር ካሉ አሁን ነው፣ ዲኬቱር ካሉ ገና ወደፊት።

እናቷ ጣቷን በሁለቱ ቃሎች ላይ አመላለሰች። «ሁለቱንም ይነገራል ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

«በእኛ ቋንቋ አንድ ነው እማዬ። አሁንም ይሁን ነገ፣ ያው ይነገራል ነው።»

«ማነው የሚናገረው?»

«አይታወቅም። ተደራጊ ስለሆነ ተናጋሪውን መጥቀስ ግድ አይደለም።»

«ጥሩ መሸሻ ነው» ብላ እናቷ ሳቀች፤ ደረቷ ላይ ያለው ስፌት ሲወጋት ሳቋን ዋጠችው።

የሊቋ ወንድም ይነዳው የነበረው የጭነት መኪና ገደል ከገባ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሞቷል፤ ተቀብሯልም። ያኔ እናቷ ልቧን በቀዶ ጥገና ታክማ ገና ራሷን አላወቀችም ነበርና፣ አባቷ «ሲሻላት ይነገራታል» አለ። አክስቷም «አዎ፣ ይነገራታል» አለች። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ አሁን መርዶውን መስማት ትችላለች ቢላቸው፣ አባቷ አክስቷን አየ፣ አክስቷ ወለሉን አየች። በዚህ በፈረደበት «ይነገራታል» ሐሙስ ደረሰ። ሊቋንማ አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ ብለዋታል፤ እሷም በየቀኑ መንገድ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም እያለች የእናቷን ዓይን እያየች ትዋሻለች። ራሷን ጠልታለች።

እናቷ ደብተሩን አስቀምጣ ከትራሷ ሥር ግራጫ ሹራብ አወጣች። ለልጇ የምትሠራው ነው፤ የቀረው አንድ እጅጌ ብቻ ነው። የጀመረችውን እጅጌ በሊቋ ክንድ ላይ ለካችና፣ የእሱ እንደሚረዝም አስባ አራት ጣት ጨመረችበት።

«እሁድ ትወጫለሽ ብለውኛል። እሱስ እስከዚያ አይደርስም?»

«ይደርሳል» የምትለው ቃል ሊቋ ምላስ ላይ ደርሳ ቀረች።

ነርሷ ገብታ የጠያቂ ሰዓት ማለቁን ተናገረች። ሊቋ ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲስተር፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ከበሩ ግን እንዳይርቁ።»

ነርሷ ለአፍታ አየቻት። መጋረጃውን ሳበች።

ሊቋ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሹራቡንና ኪሮሹን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና ደብተሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ባዶውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

«እማዬ» አለች፤ «የምናገረው እኔ ነኝ።»