የተቆረጠው ሞላ

«በደንብ ተጫኚው» አለ ዘመነ።

ወንጌላዊት ሁለት እጇን የመኪናው የኋላ ክዳን ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችና ለቀቀችው። መኪናው ወረደ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወረደ። እጇን ካነሣች በኋላም እሹሩሩ እንደሚባል ሕፃን ሲወዛወዝ ቆየ።

«አሁንስ?» አለ ወንድሟ፣ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ።

«ያው ነው። ደህና ሾክ አንዴ ተነሥቶ ቀጥ ነው የሚለው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ይሄ እኮ እስክስታ ነው የሚወርደው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘመነ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ጎማውን መመርመሩን ቀጠለ።

መኪናው አባታቸው ይነዳው የነበረ አሮጌ ዲኤክስ ነው። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ዘመነ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ መጥቶ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ አንድ ቀን ሸራውን ገለጠው። ሐሳቡ መኪናውን አሳምሮ ለሙሽሮች ማከራየት ነበር። ስልኩ ላይ ሲያያቸው የሚውሉት መኪኖች ሁሉ ጎማቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው መሬት ሊነካ የደረሰ ነው። የእሱም እንደዚያ ዝቅ እንዲልለት ብየዳ ቤት ወስዶ ከጎማው በላይ መኪናውን የተሸከሙትን ጥምዝምዝ ብረቶች፣ ሞላዎቹን፣ በግራይንደር አስቆረጣቸው። ያኔ ወንጌላዊት አጠገቡ ቆማ በስልክ ትቀርጽ ነበር። የብረቱ ብልጭታ ሲፈናጠቅ «ወይኔ፣ ሊያምር ነው» የሚል የእሷ ድምፅ ቪዲዮው ላይ አለ።

ማማሩንስ አምሮ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እየተደገፉት ፎቶ ተነሡ። ጣጣው የመጣው ሰው መጫን ሲጀምር ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘልላል፤ ከኋላ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ጎማው ከላይ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ጉድጓድ ሲነካማ ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል፤ ቆም ሲሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

እሑድ ደግሞ የአክስታቸው ልጅ የኔአለም ልታገባ ነው። ሙሽራው አምበር ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም መኪና እንደ ልብ አይገባም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያሉት ጥቂቶቹም በዚህ በሰርግ ወር ቀድመው ተይዘዋል። ስለዚህ ሙሽራዋን አምበር የሚያደርሳት የዘመነ መኪና ነው ተብሏል። የኔአለም ለወንጌላዊት እንደ ታላቅ እህት ናት፤ ሒሳብ ያስጠናቻትም፣ ጸጉሯን እየሠራች ያሳደገቻትም እሷ ናት። እናታቸው እንኳ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ድግሱ ቤት ነበረች።

«ጠመኔ አለሽ?» አለ ዘመነ።

ከቦርሳዋ አወጣችለት። የኋላውን ጎማ ጠርዝ ዙሪያውን ነጭ ቀቡት፤ ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ የአሸዋ ጆንያ ጭነው ዘመነ ሰፈሩን ዞሮ መጣ። ወንጌላዊት ተንበርክካ ስታይ፣ ከውጭ በኩል ያለው ጠመኔ ተጠርጎ ጠፍቷል። ሰፊውን ጎማ አውልቀው የድሮውን፣ ጠባቡን ገጠሙ። እንደገና ቀብተው እንደገና ዞሩ። አሁንም ተጠርጓል። ዘመነ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፈው፤ ቀለሙ እየተሰነጠቀ ረገፈ። በደልዳላው መንገድ ላይ ድምፁ ጠፋ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሶ መጣ።

ዓርብ ወንጌላዊት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከዘመነ ጋር ወደ ጋሽ አስማማው ጋራዥ ሄዱ። ጋሽ አስማማው የአባታቸው ጓደኛ ነበሩ። መኪናውን በክሪክ አንሥተው የኋላውን ሞላ ሲነኩት፣ ሞላው ከመቀመጫው ወጥቶ ወዲያና ወዲህ አለ።

«አየህ፣ አጭር ስለሆነ መኪናው ሲነሣ ቦታውን ይለቃል» አሉ። «ሲጫን ደግሞ የሚታጠፍበት የለውም። ክብደቱ ሁሉ ሾኩ ላይ ወደቀ፤ ሾኩም ዘይቱን ተፋ። ለዚህ ነው የሚዘልልብህ። ጎማውም የሚነካው ለዚሁ ነው።»

«ሾኩን ብንቀይረውስ?»

«ከየት አምጥተን? ቢገኝም በዚህ ሞላ ላይ ያው ይሆናል። ሞላውም ሾኩም አንድ ላይ ነው መቀየር ያለበት። መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ ነው።»

ዘመነ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የተቆረጠውን መልሶ መበየድስ?»

«ሞላ አይበየድም ልጄ። ቢበየድም መንገድ ላይ ይሰበራል። እንደ ጸጉር ተመልሶ የሚያድግ ነገር አይደለም።»

«ለእሑድ ነበር ጋሼ» አለች ወንጌላዊት። «ሙሽራ ልንወስድበት።»

ጋሽ አስማማው ክሪኩን ቀስ ብለው አወረዱ። «ባዶውን እያዘገመ ቤት ይገባል። ሰው ጭኖ አምበር ድረስ ግን አይሆንም። ቁልቁለት ላይ ጎማ ቢፈነዳ መሪውን ማን ይችለዋል?»  ከዚያ ለእህታቸው ተዝካር ደምበጫ እንደሚሄዱ፣ ሰኞ ተመልሰው እንደሚያዩት ነግረው ሸኟቸው።

ዘመነ ግን አልተወውም። ቅዳሜ ከጎሚስታው የወፍራም ጎማ ቁራጮች ለምኖ አመጣና በሞላው ቀለበቶች መሃል ወሸቃቸው። መኪናው ትንሽ ከፍ አለ። ወንጌላዊት ስትጫነው እንደ በፊቱ አልዘለለም። ዘመነ ቀና ብሎ አያት፤ ጆንያውን ጭነው ወጡ። አስፋልቱ ላይ ዝም ጭጭ አለ። «ሆነ እኮ» አለች ወንጌላዊት። «ቆይ፣ አትቸኩዪ» አለ ዘመነ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ነበር።

ከአስፋልቱ ወርደው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲነኩ ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ከበፊቱ ብሶ፣ ሳያቋርጥ። ወርደው ሲያዩ ከጎማ ቁራጮቹ አንዱ ወድቆ ከኋላቸው አቧራ ላይ ተጋድሟል። ዘመነ ክሪኩን አውጥቶ ጎማውን ፈታ። ወንጌላዊት ጠርዙ ላይ ጣቷን ስታሳልፍ የሻከረ ነገር ነካት፤ ላስቲኩ ተገሽልጦ ውስጡ ያለው ክር ወጥቷል።

«ዘሜ፣ ክሩ ወጥቷል።»

«አየሁት።»

ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታው ወሰደውና ከብረቱ፣ ከቸርኬው አስወጥቶ አስገለበጠው። የተገሸለጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ዞረ። ሲገጠም ከውጭ ለሚያየው ደህና ጎማ ነው።

እቤት እንደደረሱ ዘመነ ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ ቆየ።

«ነገ እቴቴ ትጠይቅሻለች» አለ፤ አክስታቸውን ማለቱ ነው። «እኔን አታምነኝም። ጋሽ አስማማው አይተውታል፣ ይሄዳል ብለዋል በያት።»

«አላሉም እኮ።»

«አላሉም። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ጉድጓዱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።»

«ክሩስ?»

ዘመነ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ። «ተመርቄ ስመጣ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎ ነው የተቀበለኝ። አሁን በመንገድ ሳልፍ ‹ሥራ እንዴት ሆነ?› ማለት እንኳ ትተዋል፤ አፍረውልኝ። ይቺን ሰርግ ካደረስኩ ሌላ ሰው ይጠራኛል። ካላደረስኩ ይሄም አለቀ። ሌላ ምንም የለኝም፣ ወንጌል።»

 አጽናኝ ነገር ብትለው ውሸት ይሆን ነበር። በሩን ከፍታ ወረደች።

እሑድ ጠዋት የአክስታቸው የማንጠግቦሽ ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር። ከድንኳኑ ከበሮ ይሰማል፤ ልጆች በእግር መሃል ይሯሯጣሉ። ዘመነ መኪናውን አጥቦ በር ላይ አቁሞታል፤ ሱፍ ለብሶ ነጭ ሪባን እያሰረበት ነው። ወንጌላዊት በአጠገቡ ልታልፍ ስትል አያት። 

አክስቷ ክንዷን ይዛ ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል አስገባቻት። የኔአለም ቬሎዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እንዳይጨማደድባት ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው።

«ወንጌልዬ፣ እስኪ አንቺ ንገሪኝ» አለች ማንጠግቦሽ። «ትናንት ይሄ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ ያዩ ሰዎች ነገሩኝ። ልቤ አላርፍ አለኝ። አስማማው አይቶታል?»

«አይተውታል።»

«ተመስገን። ምን አለ?»

በመስኮቱ በኩል ዘመነ ይታያል። አንዱን ሪባን አስሮ ጨርሶ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ እያየው ነው። የኔአለም ፈገግ ብላ መልሱን ትጠብቃለች። ወንጌላዊት ያ የሻከረ ጠርዝ አሁንም ጣቷ ላይ ያለ መሰላት።

«ሰው ጭኖ አምበር አይደርስም አሉ» አለች። «አንዱ ጎማም ክሩ ወጥቷል። እንዳይታይ ገልብጠን ነው የገጠምነው።»

 ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች።

«ዘመነ ይሄን ያውቃል?» አለች የኔአለም።

«ያውቃል።»

የኔአለም አንገቷን ደፋች። ሌላ መኪና እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። ማንጠግቦሽ፣ «ጠላውን የጫነው አይሱዙ አለ» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «ጋቢናው እሷንና ሚዜዋን ይይዛል። በርሜሉን እናስወርዳለን።»

የኔአለም አላለቀሰችም። የቬሎዋን ጫፍ በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ገና ሳይቆሽሽ የቆሸሸባት ይመስል ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ወንጌላዊት ወደ እሷ ጠጋ ልትል ስትል፣ «ተይኝ አሁን» አለቻት ቀና ሳትል። «ሂጂ።»

«አንቺ ከዚህ አትውጪ» አለች አክስቷ። «ለዘመነ አጎትሽን ልኬ አስነግረዋለሁ። ከአንቺ ሲሰማው ይከፋዋል።»

ወንጌላዊት በሩ ላይ ቆመች። ደጅ ያለው ከበሮ ሞቅ እያለ ነው። እዚሁ ብትቀመጥ የዘመነን ፊት ሳታይ ነገሩ ያልቃል።

«እኔ ልንገረው እቴቴ» ብላ ወጣች።

ዘመነ ሲያያት ያን ሳምንት ሙሉ ያላየችውን ፈገግታ ፈገግ አለ። «ለብሰው ጨረሱ? ይውጡ?»

ወንጌላዊት በአጠገቡ አልፋ ወደ መኪናው ፊት ሄደችና የጎን መስታወቱ ላይ የታሰረውን ሪባን መፍታት ጀመረች። አጥብቆ ስላሰረው በጥፍሯ ነበር የያዘችው።

ዘመነ እጆቿን አየ። «ምን አልሻት?»

«ጋሽ አስማማው ያሉትን።»

 ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጮኸም። በእጁ የቀረውን የሪባን ጥቅል መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም አነሣ። መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። ከኋላ ሰዎች እየተጠራሩ ከአይሱዙው ላይ በርሜል ማውረድ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ። ሪባኑን አንገቷ ላይ አድርጋ በመኪናው ፊት ዞራ ወደ ሌላው መስታወት አለፈች። ልጆች ተሰብስበው ከበቧት።

«ለምንድነው የምትፈቺው?» አለቻት አንዷ።

ወንጌላዊት በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟን አየችው። እሱ አላያትም።

«ይሄ መኪና አምበር ስለማይሄድ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ቋጠሮ ያዘች።