ጫንቃው የጎደለ ቆዳ

በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ አልጣለም። ሣሩ ከሥሩ ደረቀ። ከብት አፈር ላሰ። በሸክም ይሸጥ የነበረው ጭድ በእቅፍ ተሸጠ። አጥንታቸው የወጣ ላሞች አምቦ ገበያ ወርደው ገዢ አጥተው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። የሥጋ ቤቶቹ መንጠቆ ባዶ ዋለ።

በዚያ ዓመት የሰባ ሥጋ የነበረው ጀቤሳ ዘንድ ብቻ ነው። በከተማው ጫፍ ባለው ግቢው ከባኮ ባስመጣው የበቆሎ አገዳ ሰንጋ ያደልባል። ለሥጋ ቤት ግን አይሸጥም። ቤተሰቦችን በቅርጫ ያቧድንና ግቢው ውስጥ አርዶ፣ መደብ መድቦ፣ ዕጣ ያስወጣል፤ ሰዉም ድርሻውን በሳፋ ይዞ ይሄዳል።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ ባለ ቅርጫዎቹ ሲመጡ ጀቤሳን አናቱ በመጥረቢያ ተፈልጦ አገኙት። አንድ ዓይኑ ከቦታው ወጥቷል። ከአጠገቡ በሬው ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ሥጋው በኮባ ቅጠል በወጉ ተሸፍኗል።

ኢንስፔክተር ተሬፋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ለመኑት፤ በዚህ ዓመት ሥጋ አይበስብስ አሉ። ግቢውን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ፈቀደላቸው። ሬሳው በተነሣበት ቦታ አጠገብ ዕጣ ወጣ፤ ሰዎቹም ሳይተያዩ ድርሻቸውን ይዘው ሄዱ።

ተሬፋ ያየው ይህን ነበር። የበሬው ደም በተቆፈረለት ቦይ ወርዶ ጉድጓድ ገብቷል። የጀቤሳ ደም ግን በወደቀበት ረግቷል። የበሬው ቆዳ አንድ ጎን ደሙ ላይ ተዘርግቶ ስለነበር ሲያነሡት የቆዳው ጸጉር ከረጋው ደም ጋር ተጣብቆ መጣ።

ፖሊሶቹ ሥጋ ቤት ያለውን እንግዳወርቅን ቀድመው አስረውታል። ገበያዬን ገደለው፣ እንደ በሬ እገፍፈዋለሁ ብሎ በሰው ፊት ፎክሮ ነበርና። የጀቤሳ ወንድም ኤጄታ ዘመዶቹን አስከትሎ ሥጋ ቤቱን ሰባበረ፤ የሥጋ ቆራጩን መንጋጋም በዱላ አወለቀ። ሌላዋ የተጠረጠረችው ጀቤሳ ይደበድባት የነበረችው ሚስቱ ጊፍቲ ናት። ሦስተኛው በሬዎቹን ለቀለብ ጀቤሳ ግቢ ያስገባው ገበሬ ባይሳ ነው።

ሦስተኛውን ስም ተሬፋ ያውቀዋል። በ1983 የደርግ ጦር ሲበተን ተሬፋ ከሚሸሹት ወታደሮች አንዱ ነበር። ጉደር መንገድ ላይ ጎረምሶች በዱላ ሊጨርሱት ሲሉ ባይሳ ላዩ ላይ ተኝቶ ክንዱ እስኪሰበር ተደበደበለት። ከዚያ ወዲህ የአምቦ ሰው ተሬፋን «የባይሳ ልጅ» እያለ ይቀልድበታል። ተሬፋም ስቆ አያውቅም። የነፍስ ዕዳ አለበት።

መጀመሪያ ወደ እስረኛው ሄደ።

«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ጀቤሳን ይጠሉት ነበር?»

«አሁንም እጠላዋለሁ። ሞተ ብዬ አልዋሽህም።»

ተሬፋ ቆዳውን ዘረጋለት። ሰውየው በመዳፉ ዳበሰውና ፊቱን አጨማደደ።

«የጫንቃውን በኩል ማን ቆርጦ ወሰደው? እንዲህ የተጎመደ ቆዳ ማን ይገዛል? ሰካራም እንኳ ይሄን አያደርግም።»

ባለ ቅርጫ የሆነችውን መምህርት ድንቅቱን ቤቷ አገኛት። ድስቷ ገና እሳት ላይ ነው።

«አዴ ድንቅቱ፣ ሥጋው እንዴት ነበር?»

«ሥጋ ነው? ከትናንት ጀምሮ እቀቅለዋለሁ፣ እሱ ግን ጫማ ነው። የጀቤሳ ሥጋ ቅቤ ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ በሙት ላይ ቀለድኩ።»

ከዚያ ወደ ጊፍቲ ሄደ። ለቅርጫ የተባለውን ሰንጋ ጀቤሳ በዋዜማው ከአዲስ አበባ ለመጣ የጭነት መኪና እንደሸጠው ነገረችው። ማታ በረቱ ውስጥ የቀረው ምን እንደሆነ ሲጠይቃት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«የባይሳ ጥማድ ብቻ።»

ተሬፋ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ባይሳ ደጁ ላይ ለአንድ በሬ ጭድ ይሰጣል። በሬው አይበላም፤ ወደ ከተማው ዞሮ ያገሳል።

«ኦቦ ባይሳ፣ ለፋሲካ ከተማ ወርደው ነበር?»

«አልወረድኩም፣ ልጄ። እናቴ ታማለች።»

ተሬፋ ስለ ሁለተኛው በሬ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ተወው። ሌሊቱን አልተኛም። ዝም ቢል እንግዳወርቅ ይሰቀላል።

በማግስቱ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ሰበሰባቸው። እንግዳወርቅን በፖሊስ አስመጣ። ባይሳ ዳር ላይ ተቀመጠ።

«ቆዳው የተዘረጋው በጀቤሳ ደም ላይ ነው» አለ ተሬፋ። «ስለዚህ ጀቤሳ የሞተው በሬው ተገፎ ሳያልቅ ነው። የቀረውን የገፈፈውና ሥጋውን የሸፈነው ገዳዩ ነው። ጋሽ እንግዳወርቅ ቢሆኑ የገበያቸውን ጠላት ሥጋ ለምን ያድናሉ? ይበስብስ ነበር የሚሉት።»

«እውነት ነው» አለ እንግዳወርቅ።

«ሥጋው ጠንካራ ነበር። የደለበ ሰንጋ አልነበረምና። የቆዳው ጫንቃ የተቆረጠው ቀንበር ያደነደነው ምልክት እዚያ ስላለ ነው። የታረደው የእርሻ በሬ ነው። ጊፍቲ፣ ማታ በረቱ ውስጥ የነበረውን ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው።

«አንዱ በሬ ታረደ። ሁለተኛው ዛሬ ኦቦ ባይሳ ደጅ ታስሯል። ኦቦ ባይሳ ከተማ አልወረድኩም ብለውኛል። በሬው ብቻውን በር ከፍቶ አልወጣም።» ወደ ባይሳ ዞረ። «ኦቦ ባይሳ፣ ውሸት ነው ካሉኝ እሰማለሁ።»

ባይሳ ተነሣ።

«በፋሲካ ማለዳ በሬዎቼን ወደ ቤት ልመልሳቸው ወረድኩ። በሬዬ ግማሹ ተገፎ ነበር። ጀቤሳ ሳቀብኝ። ከበዓል በኋላ ሌላ እገዛልሃለሁ አለኝ። ዝናብ ቢመጣ በምን ላርስ? በአንድ በሬ? መጥረቢያው እጄ አጠገብ ነበር።»

«ሥጋውን ለምን ሸፈንከው?» አለች ድንቅቱ።

«በሬዬ ነው። አውሬ ይብላው?»

ኮንስታብሉ ካቴናውን ለተሬፋ ዘረጋለት። ተሬፋ ተቀበለው እንጂ አላሰረም። በዚህ መሐል ኤጄታና ዘመዶቹ ዱላቸውን አንሥተው ዘለሉ። የመጀመሪያው ምት ባይሳን ትከሻው ላይ አገኘውና ጣለው። ተሬፋ ላዩ ላይ ወደቀ፤ በገላው ሸፈነው። ዱላው ጀርባው ላይ ወረደ፣ ከዚያ ክንዱ ላይ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። ኮንስታብሉ ወደ ሰማይ ተኮሰ። እንግዳወርቅ ወንበር አንሥቶ ኤጄታን ደረቱን መታው። ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ።

ተሬፋ ደም ተፋ። ባይሳ ከሥሩ ወጥቶ የተሬፋን የተንጠለጠለ ክንድ አየ።

«የቀኙ ነው?»

«የቀኙ ነው።»

«የኔም የቀኙ ነበር።» ባይሳ ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋለት። «እንግዲህ ዕዳ የለብህም። እሰረኝ።»

ተሬፋ ካቴናውን በግራ እጁ ቆለፈው።