የሚዘምረው አውራ ጣት

ፀደንያ ላፕቶፑን ወደ ርሆቦት አዞረችው። «ቁጠሪው እስቲ፤ እኔ ዓይኔን አላመንሁትም።»

ርሆቦት ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት ሞገዶች በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። የላይኛው ከፀደንያ አያት ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን የእጅ ጣት የተወሰደው የደም ምት ነው፤ በደቂቃ ሰባ። የታችኛው ከእግራቸው አውራ ጣት የተወሰደው ነው፤ እሱ ደግሞ ሃምሳ ሁለት።

«አንድ ልብ ነው ያላቸው አይደል?» አለች ርሆቦት።

«አንድ ነው እንጂ።»

«ታዲያ አሥራ ስምንቱ ምት የት ገባ?»

ሁለቱ ጓደኛሞች ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ውድድር የደም ስርን ዕድሜ የሚገምት መሣሪያ ሠርተዋል። ልብ በመታች ቁጥር በደም ስር ውስጥ ሞገድ ይሄዳል። ለጋ ደም ስር ስለሚለጠጥ ሞገዱ ቀስ ይላል፤ ያረጀው ግን ስለሚደድር ሞገዱ ይፈጥናል። እነሱም ምቱ የእጅ ጣት ላይ ከታየ በኋላ የእግር ጣት ላይ እስኪታይ ያለችውን ቅንጣት ጊዜ ይለካሉ። ጊዜዋ ከረዘመች ደም ስሩ ወጣት ነው።

ሐሙስ ዕለት የፀደንያን አያት ለኩ። መሪጌታ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። መሣሪያው ግን «አርባ ሁለት» አለ። ፀደንያ ያን ቀን የኮራችውን ኩራት ዓባይ ማዶ በሙሉ ቢያውቅላት ደስ ባላት። ቁጥሩን ፖስተሩ ላይ በትልቁ ጻፈችው። መሪጌታም አልቀሩም፤ «የልጅ ልጄ ለካችኝ፤ ደም ስሬ የጎልማሳ ነው» እያሉ ለካህናቱ ሁሉ አወሩ።

ዛሬ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የፀደንያ እናት ግን አንድ ነገር ነገረቻት። መሪጌታ ከሐሙስ ጀምሮ የደም ግፊት ክኒናቸውን አልነኩም። «ጎልማሳ ምን ክኒን ያስፈልገዋል» ብለዋል። ፀደንያ ልኬቱን እንደገና የከፈተችው ለዚህ ነው።

«አታካብጂ» አለች ርሆቦት። «ውድድሩ ነገ ነው። ዳኞቹ ቁጭ ብለው ሞገድ አይቆጥሩም። ፕሮጀክታችንን ያደመቀው እኮ አርባ ሁለት ነው። ከውድድሩ በኋላ ንገሪያቸው።»

«ክኒኑስ?»

ርሆቦት ስልኳን አወጣችና ሐሙስ ሲለኩ የቀረጹትን ቪዲዮ ከፈተች። መሪጌታ ሶፋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ከወገባቸው በላይ ንቅንቅ አይሉም። ታች ግን የመሣሪያው ሽቦ የታሰረበት የእግራቸው አውራ ጣት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ፀደንያ ያን ምት ታውቀዋለች፤ በየበዓሉ በመቋሚያቸው ሲመቱት አይታለች።

«ወረብ እያሉ ነው» አለች። «በልባቸው።»

«ስለዚህ እኛ የለካነው ወረብ ነው በይኛ!» ርሆቦት በሳቅ ፈረሰች። ፀደንያም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ክኒኑ ትዝ አላትና ሳቋ ጠፋ።

መሪጌታ በረንዳ ላይ ድጓቸውን ገልጠው ያነብቡ ነበር። ፀደንያ ስልኩን አቀበለቻቸው። «አባባ፣ ያን ጊዜ አይንቀሳቀሱ ብየዎት ነበር።»

«አልተንቀሳቀስሁም።»

«እግርዎን ይዩት።»

አዩት። ደግመው አዩት። «ይሄ ጣት» አሉ በመጨረሻ፣ «ስድሳ ዓመት አብሮኝ ዘምሯል። ዝም በል ቢሉት መች ይሰማል።»

«ቁጥሩ ስህተት ነው አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እግርዎን ማየት ነበረብኝ። ክኒንዎን…» ለደብሩ ሁሉ ያወሩትን ሽማግሌ እንዲህ ማሳፈር ከነገው ሽንፈት ይበልጥ ከበዳት።

መሪጌታ ድጓቸውን ዘጉ። «ተማሪ ሲስት ሰምቼ ዝም ብየ አላውቅም። አንችም ዝም አላልሽኝም፤ ጎሽ የኔ ልጅ። በይ ያን ሽቦሽን አምጭው። አሁን በልቤም አልዘምር።»

ርሆቦት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከአውራ ጣታቸው ሳትነቅል ጠበቀች። ላይ ሰባ፣ ታች ሰባ። ውጤቱ ስድሳ ስምንት ሆነ።

«ሦስት ዓመት አተረፍሁ ማለት ነው?»

«በእኛ መሣሪያ ሦስት ዓመት ምንም ማለት አይደለም አባባ። የክኒኑን ነገር ሐኪሙን ነው የሚጠይቁት።»

«ተይ እንጂ፤ ሦስቷን እንኳ ተይልኝ» አሉና ክኒናቸውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ። ውሃ በብርጭቆ ይዘው ሲመለሱ ልጆቹ ፖስተሩን ወለሉ ላይ ዘርግተውት ነበር።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት ሰዓት።»

«ካህናቱን ይዣቸው እመጣለሁ። አርባ ሁለት ብየ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የማርመውም እኔው ነኝ።» ክኒኑን ዋጡና ውሃውን ጨለጡት።

ፀደንያ አርባ ሁለት ላይ መስመር አሰመረችበት፤ አላጠፋችውም። ከጎኑ ስድሳ ስምንት ጻፈች። ከዚያ ያን የተሳሳተውን ሞገድ ወረቀት ላይ አትማ ፖስተሩ መሐል ላይ ለጠፈችው።

«ከሥሩ ምን ብለን እንጻፍ?» አለች ርሆቦት።

ፀደንያ እስክሪብቶውን ተቀበለቻትና በጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ ጻፈች፦ «መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ ወረብ ላይ።»