ጥርስ በክንድ

«ዓሣ ሻጯ መጣች!» አለና ገነነ የአገርነሽን የእጅ አንጓ ጨምድዶ ያዘ።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ ባለመለመው ሣር ላይ፣ ተማሪው ከበባቸው። አገርነሽ ይህችን ቀን ስትለምን ነው የከረመችው። ባለፈው ዓመት ከጫሞ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ይዛ ስትመለስ፣ ይኸው ልጅ ዓሣዋን ጭቃ ላይ ደፍቶ፣ እሷንም ገፍትሮ የፊት ጥርሷን ድንጋይ ላይ ሰብሮታል። አባቱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነውና ማን ደፍሮ ይናገረው? እናቷ እንኳ «ዝም በይ ልጄ፣ አብዮት ጠባቂ ይመጣብናል» ብላ አፏን አስያዘቻት። አንጀቷ ግን ዝም አላለም።

ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌሩን ጋሽ ሸዋንዳኝን ለመነች። እሱ ሰሜን አገር ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ሲሠራ ኩንግ ፉ ተምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ሰፈር ካለው ጋራዥ ጀርባ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ እንድትቆም፣ ከዚያ የተያዘ እጇን እንድታስለቅቅ ያለማምዳታል። ሌላ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ መምታት የሚያስተምሩኝ መቼ ነው?»

«የያዘሽን ካስለቀቅሽ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኩንግ ፉ አይደለም፣ ቂም ነው።»

«እኔ የመጣሁት ለቂሜ ነዋ!»

ሳቀና ጉልበቷን እንደገና ሸብረክ አስደረጋት።

አሁን ጉልበቷ ሳታዘው ሸብረክ አለ። አንጓዋን በገነነ አውራ ጣት በኩል መነጨቀችና አስለቀቀች። ይበቃ ነበር። እሷ ግን ክንዱን ወደ ጀርባው ጠምዝዛ በደረቱ አስተኛችውና ትከሻው ላይ ተንበረከከችበት። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

«ስበሪው!» ጓደኛዋ ጽጌሬዳ ዘለለች። «የጥርስሽን ዋጋ አስከፍዪው!»

ገፋ ስታደርገው ገነነ ጮኸ። በነፃ እጁ ሣር ነጨና ወደ እሷ ዘረጋ።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ የለመነ ሰው አይነካም፤ ሽማግሌዎች ጦር የተማዘዘን እንኳ በሣር ይመልሳሉ። ሣሩን የተቀበለ ደግሞ ታርቋል ማለት ነው። በአባቱ ሥልጣን ሲንቀባረር የከረመው ልጅ የአያቶቹን ሣር ዛሬ ገና አስታወሰ!

ምላሷ የተሸረፈ ጥርሷን ዳሰሰ። አላየሁም ብትልስ? ግን አይታለች።

ክንዱን ለቀቀችው። ገነነ ተንበርክኮ ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ተቀበይው እንጂ» አለቻት ጽጌሬዳ በሹክሹክታ።

አገርነሽ የወለቀ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

«እዚህ አልቀበልም» አለችው። «ነገ አባትህን ይዘህ እናቴ ደጅ ና። ሣሩ ግን እርጥብ ይሁን።»