የፕሮፌ ኦቪዲዮ አራተኛ ብሎን

ኦቪዲዮ ሬንቴሪያ በሞተበት እሁድ ጠዋት የሸንኮራ እርሻ ቃጠሎ አመድ በክለባችን የመንሸራተቻ መም ላይ ይረግፍ ነበር። ሁላችንም «ፕሮፌ»፣ መምህር እንደማለት፣ ነበር የምንለው፤ የከተማችን ግማሽ ልጅ ባለ ጎማ የመንሸራተቻ ጫማ አድርጎ መቆም የተማረው ከእሱ ነው። በዚያ ጠዋት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ማርዮሪ ማጣሪያውን አሸንፋ ለብሔራዊ ቡድን አለፈች። አሸናፊ በተገኘ ቁጥር አሠልጣኙ ጫማውን አጥልቆ አንድ ዙር አብሮ መሄዱ የክለባችን ወግ ነው። ፕሮፌ ጉልበቱን ካመመው ከሁለት ዓመት ወዲህ ወጉን ለረዳቱ ለያሚሌ ትቶላት ነበር። ያን ቀን ግን ደስታው አላስቀምጥ አለውና ራሱ ወጣ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የግራ ጫማው ጎማዎቹን ከያዘው ብረት ተላቀቀ፤ ጭንቅላቱም ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

መርማሪዋ ኒዲያ ኪሮጋ ሰኞ ማለዳ ከትልቁ ከተማ ከካሊ ስትደርስ ከተማችን ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ያሚሌ ዓርብ ዕለት ከፕሮፌ ጋር ሰው ሁሉ እየሰማ ተጨቃጭቃለች፤ የጫማው ቁም ሣጥን ቁልፍም እሷ ጋ ነው። የሟች ሚስት ዶኛ ኤውላሊያ ያቺ ሴት ቀብሩ ላይ እንዳትደርስ ብላ ነበር። ለመናገር ባፍርም እኔም ገዳይዋ እሷ ናት ብዬ አምኜ ነበር።

ኒዲያ ወሬውን ትታ የፕሮፌን ሁለት ጫማዎች ገለበጠች። በእያንዳንዱ ጫማ ብረቱ ከሶሉ ጋር የሚታሰረው ከፊት በአንድ፣ ከኋላ በአንድ ብሎን ነው፤ በድምሩ አራት። ፕሮፌ ቢላላ ወዲያው እንዲታወቀው እያንዳንዱን ብሎን በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምርበት ነበር። ሦስቱ ላይ ቀለሙ አለ። የግራው የፊት ብሎን ግን ቀለም የለውም፤ ርዝመቱም የሌሎቹን ግማሽ አይሞላም።

የክለቡ መካኒክ ዶን ፌርሚን ገና ሳይጠየቅ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት።

«ብሎኑን እርስዎ ነዎት ያስገቡት?»

«ኧረ በጭራሽ። ግን ጫማ የምፈትሸው እኔ አይደለሁ? የሱን ማን ያደርገዋል ብዬ ሁለት ዓመት አልነካሁትም።»

«ይህ አጭሩ ከየት ይመጣል?»

«እሱማ የመደርደሪያ ማሰሪያ ነው፣ የትም አለ። ትክክለኛውን ከቦጎታ ነው የምናስመጣው፤ ስምንት ቀን ይፈጃል። የማርዮሪ ብሎን ጥርሱ ተበልቶ ያዘዝኩላት እንኳ ገና አልደረሰም።»

«ታዲያ እሁድ በምን ሮጠች?»

ሽማግሌው ከጓደኛ ተበድራ ይሆናል አላት። ኒዲያ የከተማውን ሁለት የብረታ ብረት ሱቆች በእግሯ አዳረሰች፤ ትክክለኛው ብሎን አንዱም ጋ የለም። የማርዮሪን ጓደኞች አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ያበደራት አልተገኘም።

ማክሰኞ፣ ቀብሩ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሁሉንም መሙ ዳር ሰበሰበቻቸው። ያሚሌ ለብቻዋ ራቅ ብላ ተቀምጣለች።

ኒዲያ ጀመረች። «ፕሮፌ ያን ቀን ጫማ እንደሚያደርግ ራሱም አያውቅም ነበር። ሊገድለው የፈለገ ሰው ሁለት ዓመት ያልተደረገ ጫማ ላይ ምን ይሠራል? የተነካው፣ ማንም አያደርገውም ተብሎ ነው። ደግሞ ሰው ለመግደል የፈታውን ብሎን ይጥለዋል፤ የቸገረው ግን ይጠቀምበታል። ስለዚህ አራተኛው ብሎን ከአንዳችሁ ጫማ ላይ አለ ማለት ነው። ያሚሌና ዶን ፌርሚን ያረጀ ብሎን ሲያገኙ የሚቀይሩበት አያጡም፤ የራሳቸው ትርፍ አላቸው። ማርዮሪ፣ እስቲ ጫማሽን ገልብጪልኝ።»

ልጅቷ ጫማዋን ገለበጠች። የቀኙ የፊት ብሎን አናት ተጠርጓል፤ መፍቻው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ቀይ ቀለም ቀርቷል።

«ቅዳሜ ነው ያሚሌ ሳታይ ቁልፉን አንስቼ የወሰድኩት» አለች። «ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ያገኘሁትን ከተትኩበት። የኔ ሲመጣ ልመልስ ነበር።»

«ጫማውን ሲያጠልቅ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ብናገር ውጤቴን ይሰርዙብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ዙር ብቻ ነው፣ ይይዛል አልኩ።»

ዶን ፌርሚን ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ዶኛ ኤውላሊያ ግን አላለቀሰችም። ልጅቷን ብዙ አየቻትና «ሲወድቅ አጠገቡ ነበርሽ። ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«‹ብረቱ መታሽ እንዴ?› አለኝ።»

ዶኛ ኤውላሊያ ተነሥታ ያሚሌ ዘንድ ሄደች፤ ይቅርታም ሳትጠይቅ ክንዷን ያዘች። ሁለቱ ወደ በሩ ሲራመዱ ማርዮሪ ከኋላቸው ቀብሩ ላይ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች።

ዶኛ ኤውላሊያ ዞር ሳትል መለሰችላት። «እሱ ቢሆን ነይ ይልሽ ነበር። እኔ ግን ዛሬ አልችልም።»