ደብዳቤ ያልደረሰባት

ኮዙዌ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። በጃፓኗ ኦሳካ፣ በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ በሚያስተናግዱት ጌይሻዎች ሰፈር፣ እንግዳ ፊት ተንበርክካ የሩዝ መጠጡን ሳኬ ስትቀዳ እንኳ የእግሯ ጣቶች ከኪሞኖዋ ሥር ይቁነጠነጣሉ። ሁሉም «እማማ» የሚሏት የቤቱ እመቤት ኦቶሴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የወለዱሽ?» ትላታለች።

ሺንዞን ያገኘችው በዝናብ ወራት ነው። እርጥበቱ ሻሚሴን የሚባለውን ባለሦስት ክር መሣሪያዋን ቆዳ ሰንጥቆት ሊጠግን መጣ። ወጥሮ ሲጨርስ ክሮቹን ቃኘና፣ «እስቲ እየመታሁ ጨፍሪበት» አላት። ወንዶች ሁሉ ፊቷን ያያሉ፤ እሱ ግን እግሯን ያይ ነበር።

«ምነው፣ ጫማ ልትለካልኝ ነው?»

«የሚያሳድድሽ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም የለም!»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

ተናደደች። ወዲያው ደግሞ ሳቀች። በሳምንቱ የፀጉሯን መርፌ ነቅላ ደህናውን ቆዳ ቀደደችና አስጠራችው። ሺንዞ ቀዳዳውን አገላብጦ አየ።

«ይሄ ደግሞ የምን ዝናብ ነው?»

ኮዙዌ መርፌውን ከፀጉሯ ነቅላ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

እንዲህ ተዋደው ዓመት ሞላቸው። ሺንዞን ግን ከወላጅ አልባነት አንስቶ ያሳደገው ሻሚሴን ሠሪው ጌታው ነበር። ስሙን ሰጥቶታል፤ ሱቁን ሊያወርሰው፣ ሴት ልጁንም ሊድርለት አስቧል። በዚህ መሃል ሂራኖ የሚባል የቲያትር ቡድን መሪ ኮዙዌን ትርኢት እንድታሳይ ባህር ማዶ ሊወስዳት መጣ።

«አብረን እንሂድ» አለችው ሺንዞን።

«ጌታዬስ?»

«እንግዲያው አትሂጂ በለኝ።»

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

መርከቡ ከኮቤ ወደብ ሲነሳም ሰው መሃል ቆሞ ዝም ብሎ አያት። አንዲት ቃል እየጠበቀች ዳርቻው ከዓይኗ ጠፋ። «አልወደደኝም» ብላ ደመደመች፤ አንድም ቀን አልጻፈችለትም።

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ፓሪስ። ቋንቋዋን የማያውቁት ፈረንጆች መድረክ ላይ ተከድታ ስትሞት ስቅስቅ ብለው ያለቅሱላት ነበር። ሥዕሏን በየግድግዳው ለጠፉ። እሷ ግን ጭብጨባው ሳያባራ ሻንጣዋን ትዘጋለች። የትም ከተማ ብትደርስ፣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር «ሂጂ፣ ሂጂ» ይላታል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ፣ የቲያትር ቤቱ ዘበኛ በሲባጎ የታሰሩ ሰባት ደብዳቤዎች ሰጣት። ሺንዞ ለኦቶሴ የምትልከውን አድራሻዋን እየጠየቀ በየከተማው ጽፎላት ነበር፤ ሁሉም የደረሱት እሷ ከሄደች በኋላ ስለሆነ፣ ከከተማ ከተማ ሲከተሏት ቆይተው እዚህ ደረሱባት። ግማሽ ፊቷ ገና የመድረኩን ነጭ ቀለም እንደተቀባ ወለል ላይ ተቀምጣ አነበበች።

«አትሂጂ ያላልኩሽ፣ ልብሽ መሄድን ሲናፍቅ ስላየሁ ነው» ይላል አንደኛው። አራተኛው፣ «ለጌታዬ እውነቱን ነገርኩት። ሦስት ወር አኮረፈኝ። በኋላ ልጁ ራሷ፣ ‹ልቡ ባህር የተሻገረ ባል ምን ያደርግልኛል?› አለችና ገላገለችኝ» ይላል። በመጨረሻው ማርሴይ ወደብ ከመርከብ የሚወርድበትን ቀን ጽፏል። ቆጠረችው፤ ከነገ ወዲያ ነው።

ሂራኖ ጮኸባት። «ነገ ወደ በርሊን ነን! ለአንድ ቆዳ ወጣሪ ብለሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ ለአንድ ቆዳ ወጣሪ።»

«ከቀረሽ ቦታሽን ለሌላ ነው የምሰጠው!»

«ይስጧት። ስትሞት ቶሎ እንዳትወድቅ ይንገሯት» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ማርሴይ ደረሰች፤ የሺንዞ መርከብ ግን በማዕበል ዘገየ። በመጀመሪያው ቀን ወደቡን ከጫፍ ጫፍ ስትመላለስ ዋለች። በሁለተኛው ቀን፣ የባቡር ፉጨት ስትሰማ ሁለት ጊዜ ሻንጣዋን አነሳች፤ ሁለት ጊዜ አስቀመጠች። በሦስተኛው ሻንጣው ላይ ተቀመጠች።

ቀትር ላይ ሺንዞ ከስቶ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ ወረደ። ሲያያት ደረቀ።

«ፓሪስ ሄጄ... እየጠየቅኩ ልፈልግሽ ነበር እኮ...»

«እዚህ ነኝ። ሦስት ቀኔ።»

«አንቺ? ሦስት ቀን አንድ ቦታ?»

እየሳቀ ሣጥኑን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ተንገዳገደ። ከባህር ስለወጣ መሬቱ ገና ይወዛወዝበት ነበር። ኮዙዌ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው፤ እስኪረጋለትም ድረስ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።