ሁለተኛው ጉርሻ

ማሽኑ ሕፃናቱን እያስለቀሰ ነው ተብሎ ወደ ጥገና ክፍል መጣ። ጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው በእልፍኝ ከተማ፣ እናቶች ሥራ ሲውሉ ልጆቹን የሚያበላው እሱ ነው፤ ስሙም አጉራሽ ነው። ክንድና አምስት ጣት አለው፤ ፊት የለውም። የሚንቀሳቀሰው በ«እጅ ቅጂ» ነው፤ ይኸውም አንዲት የምድር ሴት ልጆቿን ስታጎርስ የተቀዳ የእጅ እንቅስቃሴ ነው።

«ጉርሻውን ይዞ መጀመሪያ ወደ ባዶ አየር ያነሳዋል» አሉ የጥገና ክፍሉ አለቃ ጋሽ ሽብሩ። «ድሮም ያደርገው ነበር፤ ሲያረጅ ግን እዚያው እየቆየ መጣ። የራበው ልጅ ይሄን ይጠብቃል እንዴ? ያቺን ትርፍ እንቅስቃሴ አጥፊልኝ።»

የጥገና ባለሙያዋ ትርንጎ እንደ ሕፃን ከማሽኑ ፊት ተቀመጠችና አበራችው። ክንዱ ከፍትፍቱ ጠቅለል አደረገ፤ ወደ ላይ አነሳና ፊት ቢኖረው ኖሮ ከንፈሩ በሚሆንበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ እሷ መጣ። ሳታዝዘው አፏ ተከፈተ።

ክው ብላ ቀረች።

እሷም እኮ እንዲሁ ናት! ማንኛውንም ጉርሻ ከመብላቷ በፊት ታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ጓደኞቿ «ምግቡን ስመሽ ነው እንዴ የምትበዪው?» እያሉ ይስቁባታል። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በየግብዣው ደረታቸውን ነፍተው «ከእኔ ነው የወረሰችው፤ በዚህ እጄ አጉርሼ ነው ያሳደግኳት» ይላሉ። ትርንጎ በሕይወቷ የምትመካበት ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይሄ ማሽን የት ነበር?»

«ሦስተኛ መንደር፣ ሕፃናት ማቆያ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ።»

ያደገችበት መንደር ነው። ማሽኑን እንዳለ ትታው ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ ምሳ አቅርበው ነበር፤ ሽሮው ገና ይንተከተካል።

«እማዬ፣ አጉርሺኝ» አለች፣ ሳትቀመጥ።

«ውይ የኔ ልጅ! ዛሬ ከየት ተገኘሽ?» ብለው ጠቀለሉና በቀጥታ አፏ ውስጥ ከተቱት። ምላሷ ተቃጠለ።

«አልለካሽውም» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

«ምኑን?»

«ትኩሳቱን! በከንፈርሽ! አጉራሹ እንኳ ከንፈር ሳይኖረው ይለካል።»

የወይዘሮ አስካለ እጅ ሰሃኑ ላይ ቀረ። ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም።

«ያኔ በረዶ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምሠራው ልጄ። አንዴ ከገባሁ ሳምንት አልወጣም። ስመለስ ላጎርስሽ ስል አፍሽን ገጥመሽ ታለቅሻለሽ። ማቆያው ስወስድሽ ግን ጥርግ አድርገሽ ትበያለሽ። በብረት ቀናሁ! ለሰው ምን ልበል? ልጄ እጄን አልቀበል አለች ልበል?»

«ሰውን ተዪው። እኔን ለምን ዋሸሽኝ?»

«ስደጋግመው እኔም አመንኩት።»

«በየጉርሻው አንቺን ነበር እኮ የማስበው! ለካ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ናት ያጎረሰችኝ። አንድ ቀን እንኳ ከእጅሽ አልበላሁም?»

«አልበላሽም» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፣ እንደ ቀልድም እንደ ልመናም አድርገው። ሁለተኛውን ጠቀለሉ። አሁን ግን ወደ ልጃቸው አልቸኮሉም፤ የራሳቸው ከንፈር ላይ አሳርፈው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ዘረጉላት።

ትርንጎ ልትቀበላቸው ፈለገች፤ እናቷ ናቸውና። አፏ ግን እንደ ሕፃንነቷ ገጥሞ ቀረ።